የፋትስ ዋለር ሪቪው «ኤይንት ሚስቢሄቪን» ከካባሬ ክፍል ብሮድዌይ እንዴት ደረሰ? ለእኛ መድረክስ ምን ይወሰዳል?

መጋረጃ_ጀርባ (ጥያቄ)

ሰላም ለቤቱ። ቡድናችን የአንድ የዜማ ደራሲን ሥራዎች ብቻ ይዞ የአንድ ምሽት ትርኢት ሊሠራ ነው። ሴራ ያለው ተውኔት አይደለም፣ የሰውየው የሕይወት ታሪክም አይደለም። ዘፈን በዘፈን ላይ ነው፤ ግን ተራ ኮንሰርት ሆኖ እንዳይቀር እንፈልጋለን። ሪቪው የሚባለው ማለት ነው። ስለዚህ ነገር ሲወራ ሁሉም የሚጠቅሰው በአሜሪካዊው የጃዝ ፒያኒስትና የዜማ ደራሲ በፋትስ ዋለር ዘፈኖች የተሠራውን «ኤይንት ሚስቢሄቪን»ን ነው። («አልባለግኩም» እንደማለት ነው፤ ርዕሱ የዋነኛው ዘፈን ስም ነው።)

ጥያቄዎቼ፦ የት ተጀመረ፣ በስንት ሰው? ብሮድዌይ (የኒው ዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ሰፈር) ሲገባ ምን ተቀየረ? ያለ ተራኪ፣ ያለ ታሪክ፣ ተመልካቹን እስከ መጨረሻው የሚይዘው በምን ዘዴ ነው? አዳራሻችን 250 ሰው ገደማ ይይዛል፤ አራት ድምጻውያንና ስድስት ሙዚቀኞች አሉን። ተራኪ ይኑር አይኑር በሚለው ላይ ቡድኑ ለሁለት ተከፍሏል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉልኝ።

---

ሦስተኛ_ደወል

ታሪኩን ላስቀምጥልህ፤ ስለ ሙዚቃው ሌሎች ይመጡበታል።

የተከፈተው ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1978 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው፤ ምሥራቅ 73ኛ ጎዳና ላይ በነበረው የማንሃተን ቲያትር ክለብ የካባሬ ክፍል (ሰው እየተጫወተ ዘፈን የሚያይበት ትንሽ አዳራሽ)። ሐሳቡን ያፈለቁት መሬይ ሆርዊትዝና ሪቻርድ ሞልትቢ ጁኒየር ናቸው፤ አዘጋጁ ሞልትቢ ነው። እንቅስቃሴውንና ውዝዋዜውን አርተር ፋሪያ ሠራው። ድምጻውያኑ አምስት ብቻ፦ አይሪን ካራ፣ ኔል ካርተር፣ አርሚሊያ መኩዊን፣ አንድሬ ደ ሺልድስና ኬን ፔጅ። ሦስት ሴት፣ ሁለት ወንድ። እዚያ 28 ጊዜ ታየ።

በዚያው ዓመት ሜይ 9 ብሮድዌይ ላይ ሎንጌከር ቲያትር ገባ። ከካባሬው ተነስቶ ትልቅ ቤት እስኪገባ ሦስት ወር ብቻ ነው የፈጀው። አሁን ወደ ጥያቄህ፦ ምን ተቀየረ? ከአምስቱ አንዷ ብቻ። በአይሪን ካራ ቦታ ሻርሌይን ውዳርድ ገባች። ቤቱ ሲሰፋ መዘምራን አልጨመሩም፣ የወዝዋዥ ቡድን አላቆሙም፣ ታሪክ አልጻፉለትም። አምስት ሰውና መድረክ ላይ የሚታይ ፒያኖ ይዘው ገቡ። ሌላ ቡድን ቢሆን ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ሃያ ወዝዋዥ መጨመር ነበር።

ከሎንጌከር በ1979 ወደ ፕሊመዝ (ዛሬ ጀራልድ ሾንፌልድ የሚባለው ቤት ነው)፣ በ1981 ወደ ቤላስኮ ተዛወረ። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1982 ሲዘጋ ብሮድዌይ ላይ 1,604 ጊዜ ታይቶ ነበር። ይህ ቁጥር የካባሬውን 28 አይጨምርም፤ አንዳንዶች ደምረው ስለሚጽፉት ተጠንቀቅ። በ1979 ለንደን ላይም በሐር ማጄስቲስ ቲያትር ቀርቧል።

በ1978 የቶኒ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ሙዚቃዊ ትርኢት ተባለ፤ ሞልትቢ በአዘጋጅነት፣ ኔል ካርተር በረዳት ተዋናይነት አሸነፉ። የዚያ ዓመት የምርጥ ድርሰትና የምርጥ አዲስ ሙዚቃ ሽልማቶች ግን የሄዱት ለሌላ ሥራ ነው፣ «ኦን ዘ ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ» ለሚባለው። ቢሄዱም አይገርምም፦ ሪቪው ድርሰት የለውም፣ ዜማዎቹም አሮጌ ናቸው። ታዲያ ዳኞቹ ትልቁን ሽልማት የሰጡት ለምን ሥራ ነው? ለምርጫው፣ ለቅደም ተከተሉና ለአፈጻጸሙ። እናንተም የምትመዘኑት በነዚህ ሦስት ነው፤ ዜማው እንደሆነ ቀድሞውንም ጥሩ ነው።

ከተዘጋ በኋላ ጁን 21 ቀን 1982 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ ካርተርና ደ ሺልድስ በዚያ ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ወሰዱ። በ1988 ኦገስት 15 እነዚያው አምስቱ የብሮድዌይ ድምጻውያን ተሰብስበው አምባሳደር ቲያትር ላይ መለሱት፤ 176 ጊዜ ታየ። በ1995 ደግሞ ፖይንተር ሲስተርስ ይዘውት አሜሪካን ዞሩ፤ ብሮድዌይ ግን አልገባም።

---

ግራ_እጅ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። የጎደለው አንድ ሰው ነው፦ ሉተር ሄንደርሰን። ሙዚቃውን ለአምስት ድምጽና ለትንሽ ባንድ ያዋቀረው እሱ ነው፤ ብሮድዌይ ሲከፈትም ፒያኖው ላይ የተቀመጠው ራሱ ነበር። በኋላ ያንን ወንበር ሃንክ ጆንስ ያዘው። ሃንክ ጆንስን የሚያክል ፒያኒስት ምሽት በምሽት የቲያትር ወንበር ላይ መቀመጡ ስለ ሥራው ክብደት ብዙ ይናገራል።

ለምን ከበደ? ዋለር የስትራይድ ፒያኒስት ነው፤ መምህሩም የስትራይድ አባት የሚባለው ጄምስ ፒ ጆንሰን ነበር። በስትራይድ ግራ እጅ በ1ኛውና በ3ኛው ምት ታች ወርዶ ቤዙን ይመታል፣ በ2ኛውና በ4ኛው ዘሎ መሃል ላይ ኮርዱን ይይዛል። ብዙ ጊዜ ቤዙ አንድ ኖታ ሳይሆን አሥረኛ ነው፤ ከዶ ተነስተህ ከኦክታቩ በላይ ያለውን ሚ በአንድ እጅ መያዝ ማለት ነው። ዋለር እጁ ሰፊ ስለነበር ቀሎታል። እጁ የማይደርስለት ፒያኒስት ሁለቱን ኖታ በጣም በፍጥነት አንዱን ከሌላው አስከትሎ ይመታል፤ ያም ያምራል፣ ምቱን ካላዘገየ።

በተግባር የሚበላሹት እነዚህ ናቸው፦

61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ተከራይቶ መጀመር። ግራ እጅ የሚወርድበት ቦታ ያጣል፤ ኦክታቭ ለመቀየር ቁልፍ ሲጫን ቀኙም አብሮ ይቀየራል። 88 ቁልፍ፣ ክብደት ያለው፣ አለቀ።

ቤዝ ጊታሩና የፒያኖው ግራ እጅ አንድ ሥራ መሥራት። ሁለቱም 1ና 3ን ሲመቱ ታችኛው ድምጽ ይጨቀያል፤ የድምጽ ባለሙያው ደግሞ ቤዙን በመቀነስ ሊያድነው ይሞክራል፣ አይድንም። ወይ ቤዙ ይዝለለው፣ ወይ ግራ እጁ ኮርድ ብቻ ይያዝ። በልምምድ ላይ ዘፈን በዘፈን ወስኑና ኖታው ላይ በእርሳስ ጻፉት።

ፔዳል። ስትራይድ ደረቅ ነው የሚፈልገው፤ እግር ተጭኖ ከቀረ ምቱ ይቀልጣል።

ፍጥነት። አስቂኝ ዘፈን በየምሽቱ ትንሽ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሳቅ ስለሚያሯሩጠው። በሦስተኛው ሳምንት ግጥሙ አይሰማም። ከበሮ መቺው ጆሮ ላይ ሜትሮኖም ይኑር፣ ካልሆነም ቁጥሩ በእያንዳንዱ ኖታ ራስጌ ላይ ይጻፍና ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ይታይ።

ባንዱ ከፒያኖው ሌላ ሁለት ሳክስፎንና ክላሪኔት የሚያቀያይሩ፣ ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ቤዝና ድራም ነው። ስድስት ሰው ካላችሁ አንድ ብቻ ነው የጎደላችሁ፤ የቁጥር ችግር የለባችሁም።

---

መጋረጃ_ጀርባ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አሁንም አልገባኝም። ሠላሳ ዘፈን ያለ ታሪክ እንዴት ይያያዛል? እኛ ጋ ያለው ሐሳብ በየዘፈኑ መሃል ተራኪ ወጥቶ «ይህንን ዜማ በዚህ ዓመት ደረሰው» እንዲል ነው።

---

ሦስተኛ_ደወል

ተራኪ ያለው ሪቪው ስህተት አይደለም። በስቲቨን ሶንድሃይም ዘፈኖች የተሠራው «ሳይድ ባይ ሳይድ ባይ ሶንድሃይም» በ1976 ለንደን ሜርሜድ ቲያትር ሲጀምር ተራኪ ነበረው፤ ሁለት ሴት፣ አንድ ወንድ፣ ሁለት ፒያኖና ነገር የሚያዋዛው ኔድ ሼሪን። በሚቀጥለው ዓመትም ብሮድዌይ ገብቷል። ግን እዚያ ተራኪው አስፈላጊ የሆነበት ምክንያት አለ። ዘፈኖቹ ለተለያዩ ተውኔቶች የተጻፉ ናቸው፤ ማን ለማን እንደሚዘፍን ካልተነገረህ ግማሹ ቀልድ ያመልጥሃል። የዋለር ዘፈን ራሱን የቻለ ነው። በአማርኛም አብዛኛው ዘፈን እንደዚያው ነው፤ ሰሚው ቀድሞ ያውቀዋል፣ ትዝታውንም ይዞት ነው የሚመጣው። ተራኪ ቆሞ የሚያውቁትን ሲነግራቸው ስልክ ይወጣል። ዓመትና ቦታ ለፕሮግራም ወረቀቱ ተውት።

«ኤይንት ሚስቢሄቪን» በተራኪ ፋንታ ሦስት ነገር አለው።

አንደኛ፣ አምስቱ ሰዎች ጠባይ አላቸው። ስም የላቸውም፤ የፕሮግራም ወረቀቱ የሚጠራቸው በራሳቸው ስም ነው። ግን አንዷ ቀጭንና ቀልጣፋ ናት፣ አንዱ ረዥም ቀጭን ብልጣብልጥ፣ አንዱ ግዙፍና ሳቂታ። ማን ከማን ጋር ይሽኮረመማል፣ ማን በማን ይቀናል፣ ያ እየዞረ ምሽቱን ሁሉ ይሄዳል። ፋትስ ዋለርን ሆኖ የሚጫወት ሰው ግን የለም፤ ይህ የትርኢቱ ትልቁ ውሳኔ ይመስለኛል። ጠባዩ፣ ቅንድቡ፣ በዘፈን መሃል የሚጥላቸው ቀልዶች ለአምስቱም ተከፋፍለዋል። እናንተም ደራሲውን በኮትና በባርኔጣ አስመስሎ የሚያወጣ ሰው ካስገባችሁ፣ ተመልካቹ «ይመስላል፣ አይመስልም» እያለ ይከራከራል እንጂ ዜማውን አይሰማም።

ሁለተኛ፣ ሙሉ ዘፈን አይዘፈንም። ሠላሳ ያህል ዘፈን በሁለት ገቢር ሲገባ አንዳንዱ አንድ ዙር ብቻ ነው። ስሌቱን ለእናንተ ልሥራው፦ የ90 ደቂቃ ትርኢት፣ በአማካይ ሦስት ደቂቃ ተኩል፣ 25 ዘፈን ይሆናል። የአማርኛ ዘፈን ግን በካሴቱ ላይ ስድስትና ሰባት ደቂቃ ይሄዳል። ስለዚህ ከአራት ስንኝ ሁለቱን፣ አዝማቹን ሁለቴ፣ የሳክስፎኑን መሃል ጨዋታ በግማሽ። የሚቆረጠውን ስንኝ ከባንዱ በፊት ድምጻውያኑ ይወቁት፤ አንዱ በልማድ ሦስተኛውን ስንኝ ከጀመረ ባንዱ ሁለት ቦታ ይሄዳል።

ሦስተኛው ጭብጨባን መምራት ነው። እያንዳንዱ ዘፈን ሙሉ በሙሉ ቆሞ፣ ተጨብጭቦ፣ ቀጣዩ ሲጀምር ኮንሰርት ሆነ። አጨራረስን ሦስት ዓይነት አድርጉት፦ መብራት ጠፍቶ የሚዘጋ፤ ጭብጨባው ሳያልቅ ፒያኖው ከሥሩ ቀጣዩን የሚጀምርበት፤ ጭብጨባ የማይፈቀድበትና የመጨረሻው ኮርድ የሚቀጥለው መጀመሪያ የሚሆንበት። የመጀመሪያውን ዓይነት በአንድ ገቢር ከሦስት ጊዜ በላይ አትጠቀሙ።

የሁለተኛውን ገቢር አካሄድ ተመልከት። ደ ሺልድስ ሲጋራውን ይዞ ብቻውን የሚንፏቀቅበት አለ፣ ኔል ካርተር ቆማ የምታዝንበት አለ፣ ኬን ፔጅ በትልቅ እግር የሚቀልድበት አለ። ሳቁ እየጨመረ፣ ነገሩ እየሰከረ ይመጣል። ከዚያ ድንገት «ብላክ ኤንድ ብሉ» ይገባል፤ አምስቱም ይቀመጣሉ። ውዝዋዜ የለም፣ ቅንድብ የለም፣ በቀጥታ ወደ ተመልካቹ ያያሉ፣ ድምጹ አምስት ሆኖ ተደራርቦ ይወጣል። ቀለሙ ጥፋቱ የሆነበት ሰው ሮሮ ነው። ዘፈኑ ራሱ በ1929 ሲወጣ «ሆት ቾኮሌትስ» በሚባል ትርኢት ላይ ኤዲት ዊልሰን ነበረች የዘፈነችው፤ ያኔ የአንዲት ጠይም ሴት ሮሮ ነበር፣ ቀላ ያለችው ትመረጥብኛለች የሚል። ሪቪው ውስጥ ለአምስት ሲከፈል የአንድ ሰው መሆኑ ቀረ።

ቦታው ነው የሚገርመው። የመጨረሻ አላደረጉትም፣ መጀመሪያም አላስገቡትም። ከመጨረሻው አንድ ቀደም ብሎ፣ ሰው ከሳቀ በኋላ። አንድ ሰዓት ተኩል ሲያስቁህ የቆዩትን ፊቶች ያኔ እንደ አዲስ ታያቸዋለህ። ቀድሞ ቢመጣ ስብከት ይሆን ነበር። ከናንተ ደራሲ ሥራዎች ውስጥ ከሁሉም የከበደውን ዘፈን ፈልጉና ቦታውን ከዚያ ቁጠሩ፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ዙሪያ ይሰለፋል።

አራቱን ድምጻውያን በተመለከተ ሰንጠረዥ ሥሩ፦ ወደ ጎን ዘፈኖቹ፣ ወደ ታች አራቱ ስም። አንድ ሰው ከሦስት ተከታታይ ዘፈን በላይ ከመድረክ አይጥፋ፤ ሁለት ብቸኛ ዘፈን በተከታታይ አይያዝ። ልብስ የሚቀይር ሰው ቢያንስ ሁለት ዘፈን፣ ማለትም ሰባት ደቂቃ ገደማ ይኑረው። ከሐበሻ ቀሚስ ወደ ሌላ ሐበሻ ቀሚስ ከነጌጡና ከነሹሩባው ከሆነ ሰባትም አይበቃም፤ ያንን ለዕረፍቱ አቆዩት።

---

የዜማ_መብት

አንድ ማስተካከያ ልጨምር፤ «የአንድ ደራሲ ሥራ» የሚለው አባባል ለዚህ ትርኢት ሙሉ በሙሉ አይሠራም። የእግሩ ቀልድ ዘፈን የዋለር ድርሰት አይደለም፤ የፍሬድ ፊሸርና የኤዳ ቤንሰን ነው። ከ«ብላክ ኤንድ ብሉ» በኋላ የሚመጣው የመዝጊያ ጥንቅር ደግሞ በአብዛኛው ሌሎች የደረሷቸውና ዋለር በዘፈን ያስታወቃቸው ናቸው። የአርዕስቱ ዘፈን ራሱ ላይ ሃሪ ብሩክስ አብሮት በዜማው አለበት። እንዲያውም ግጥም ያልነበራቸው የፒያኖ ሥራዎች ለትርኢቱ ሲባል አዲስ ግጥም ተጽፎላቸዋል፤ «ጂተርበግ ዋልዝ»ን ሞልትቢ፣ «ሃንድፉል ኦፍ ኪስ»ን ሞልትቢና ሆርዊትዝ። እናንተም በፖስተሩ ላይ «የእገሌ ድርሰቶች» ከማለት በፊት የእያንዳንዱን ዘፈን ዜማና ግጥም ለየብቻ አጣሩ። እኛ ዘንድ ዘፈን በድምጻዊው ስም ስለሚጠራ የግጥም ደራሲው የሚረሳው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ግጥም ደራሲ ከተነሳ የዋለር ዋና ባልንጀራ አንዲ ራዛፍ ነው። የተወለደው ዋሽንግተን ዲሲ በ1895 መጨረሻ ነው፤ አባቱ ከማዳጋስካር ንጉሣዊ ቤተሰብ፣ የእናቱ አባት ደግሞ በዚያ የአሜሪካ ቆንስል የነበረ ሰው። ሙሉ ስሙ አንድሬአሜንታኒያ ራዛፊንከሪፎ ነው፤ ለዘፈን ወረቀት ስለማይመች አሳጠረው። ፈረንሳይ አንታናናሪቮን የያዘችው በዚያው ዓመት ነው፣ ከዐድዋ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ። «ብላክ ኤንድ ብሉ»ን የጻፈው ይህ ሰው መሆኑን ስታውቅ ግጥሙ ሌላ ክብደት ይኖረዋል።

ወደ መብት። በ1929 የታተሙት የዋለር ዘፈኖች፣ የአርዕስቱንና «ብላክ ኤንድ ብሉ»ን ጨምሮ፣ አሜሪካ ውስጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ነጻ ሆነዋል። ይህ ማለት ግን ትርኢቱን መሥራት ትችላለህ ማለት አይደለም። የ1978ቱ ቅንብር፣ ቅደም ተከተሉ፣ የተጨመሩት ግጥሞች አሁንም ባለቤት አላቸው፤ ትርኢቱን ለመሥራት ፈቃድ የሚጠየቀው ለየብቻ ነው። ነጻ የሆነው የወረቀቱ ዜማና ግጥም ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) የደራሲው የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ የዜማ ደራሲው ፈቃድ ብቻ አይበቃችሁም። ዝርዝሩን በሦስት ዓምድ አዘጋጁ፦ ዜማ፣ ግጥም፣ ቅንብር። እንደገና በራሳችሁ ባንድ ስለምትጫወቱት የካሴቱ አሳታሚ መብት አይመለከታችሁም፤ ከካሴቱ ላይ ቀንጭባችሁ ካሰማችሁ ግን ይመለከታችኋል። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፣ የትርኢቱ ብዛትና ቦታ ይጠቀስበት፤ ለቪዲዮ መቅረጽና ኢንተርኔት ላይ ለመጫን የተለየ መስመር ይግባበት። ብዙ ጊዜ ጠብ የሚነሳው ከትርኢቱ ሳይሆን ከቪዲዮው ነው።

---

ግራ_እጅ

ስለ ቅደም ተከተል ከሙዚቃ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ዋለር ለጆሮ ዕረፍት የሚሰጥበት ብዙ መንገድ አለው፦ ፈጣን፣ ብሉዝ፣ ዋልዝ። የናንተ ደራሲ አብዛኛውን የሠራው በትዝታ ቅኝት ከሆነ ግን ሦስት ትዝታ በተከታታይ ሲመጣ ግጥሙ ቢለያይም ጆሮው አንድ ዘፈን ነው የሚለው። ሰንጠረዣችሁ ላይ ሁለት ዓምድ ጨምሩ፦ ቅኝትና ምት። ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ወይም አንቺሆዬ አሻግሩ። ቅኝቱ አንድ ከሆነ ምቱን ቀይሩ፤ የስድስት ስምንተኛውን ጭፈራ በሁለቱ ዝግተኛ መሃል ጣሉት።

ድምጽም እንደዚያው። ዘፈኑ መጀመሪያ ወንድ የዘፈነው ከሆነና አሁን ለሴት ከሰጣችሁት አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ደረጃ ከፍ ማለት ይፈልጋል። ይህን በመጨረሻው ሳምንት አታድርጉት፦ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ኖታቸው በሙሉ ይቀየራል፣ ዋሽንት ካላችሁ ደግሞ ሌላ ርዝመት ያለው ዋሽንት ይፈልጋል። ክራር ያለው ባንድ ከሆነ ሁለት ክራር፣ ሁለቱም ቀድመው በተለያየ ቅኝት የተቃኙ። መድረክ ላይ አንዱን ክራር በሁለት ዘፈን መሃል ማቃናት፣ ልምድ ላለው ሰው እንኳ፣ ሦስተኛ_ደወል ያለውን ጭብጨባ አምልጦት ዝምታ ያመጣል።

---

መጋረጃ_ጀርባ

ተራኪው ቀርቷል፤ ጽሑፉ ወደ ፕሮግራም ወረቀቱ ገብቷል። ሰንጠረዡ ላይ ሰባት ዓምድ ሆነ፦ ዘፈን፣ ዜማ፣ ግጥም፣ ቅንብር፣ ቅኝት፣ ምት፣ አጨራረስ። ከ31 ዘፈን ስድስቱ የግጥም ደራሲያቸው ገና አልተገኘም፤ ከእነሱ አንዱ ደግሞ ከመጨረሻው ቀድሞ እንዲገባ ያሰብነው ነው።

---

የዜማ_መብት

እንግዲያው ልምምዱን በእሱ አትጀምሩ። ፈቃዱ ካልመጣ ቦታውን የሚይዝ ሁለተኛ ዘፈን ከአሁኑ በተመሳሳይ ድምጽ አዘጋጁ፤ አለበለዚያ በመጨረሻው ሰዓት ሰንጠረዡ በሙሉ ይፈርሳል።